ኋላው ዕውር

ፍራሽ የጫነችው መኪና አደባባዩን ለሦስተኛ ጊዜ መዞር ስትጀምር ጫኚው አንድ ዓይኑን ገለጠ።

"ጋሽ ዙረት፣ እዚያ ጋ እኮ ቦታ አለ።"

"የት ጋ?"

"በታክሲውና በነጯ መኪና መሀል። ዝሆን ከነልጆቹ ያስተኛል።"

ሹፌሩ ዞር ብሎ አየ። ማየትማ አየ፤ ግን ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው የጫማ ሱቅ መስኮት እንደሚያየው ነው። "ጠባብ ነው" አለና መሪውን ጠመዘዘ። በዳቦ ቤቱ ጀርባ ገባ፣ በመዋዕለ ሕፃናቱ ፊት ወጣ፣ ልብስ ሰፊዎች በተደረደሩበት መንገድ አለፈና እንደገና ዞሮ፣ አንድ ባዶ ሜዳ ላይ የመኪናዋን አፍንጫ ወደ መውጫው አድርጎ አቆማት። ከዚያ እስከ ፍራሽ መሸጫው ድረስ በእግር ሲኬድ አንድ ሙሉ ሐሜት ተጀምሮ ያልቃል።

ጫኚው ወርዶ ሁለት ፍራሽ ጭንቅላቱ ላይ ቆለለና መንገዱን ተያያዘው። ፍራሽ ቀላል ዕቃ ነው የሚል ሰው ካለ ተኝቶበት እንጂ ተሸክሞት አያውቅም። በተለይ ነፋስ ሲነሳ ፍራሹ ሸራ ይሆንና ተሸካሚውን ወዳሻው ይዞት ይሄዳል። ጫኚው ግን ግዙፍ ነው፤ ነፋሱም አይቶ ነው የሚነፍስበት። ቃል ይሰስታል፣ ብስኩት ይወዳል፣ መኪና ውስጥ እንደገባ እንቅልፍ ይወስደዋል። ፍራሽ ፋብሪካ ተቀጥሮ ተቀምጦ የሚተኛ ብቸኛ ሰው እሱ ነው እያሉ ይቀልዱበታል።

ሹፌሩን ደግሞ "ጋሽ ዙረት" ይሉታል። እሱ ስሙ የወጣለት ከተማውን አብጠርጥሮ ስለሚያውቅ ይመስለው ነበር፤ ሲጠሩትም ደስ ይለዋል። እውነትም የማያውቀው ቅያስ የለም። ይህን ሁሉ ቅያስ ማወቅ ለምን እንዳስፈለገው ግን ራሱን ጠይቆ አያውቅም።

ስልኩ ጮኸ። የፋብሪካው ባለቤት ነበሩ፤ ሠራተኛው ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው።

"አራግፈህ ስትጨርስ ቢሮ ና" አሉት። "ቀጥ ብለህ ና። ቀጥ ብለህ ስል፣ ቀጥ ብለህ።"

የእትዬ ቢሮ ከስፌት ክፍሉ በላይ ያለች፣ ከታች የሚሠሩት የስፌት መኪናዎች ወለሏን የሚያንዘፈዝፏት ጠባብ ክፍል ናት። እትዬ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ፋብሪካውን ብቻቸውን ይዘውታል። ሲቆጡ ድምፃቸው ከፍ አይልም፤ ዝቅ ነው የሚለው። ያን ዕለት ጭራሽ በሹክሹክታ ነበር የሚናገሩት።

ስልካቸውን ወደ እሱ ገፉት። "ይህን እይ።"

መኪኖቹ ላይ በቅርቡ የዋሉበትን የሚያሳብቅ መሣሪያ ተገጥሟል። ስልኩ ላይ የከተማው ካርታ፣ በካርታው ላይ ደግሞ የእሱ መኪና የሄደችበት መንገድ በቀይ መስመር ተስሏል። ድመት የተጫወተችበት የሹራብ ክር ነበር የሚመስለው።

"ከዚህ ሱቅ እስከዚህ ሱቅ ድንጋይ ብትወረውር ይደርሳል" አሉ እትዬ። "አንተ በየት በኩል ሄድክ? በመዋዕለ ሕፃናቱ። ትናንትም በመዋዕለ ሕፃናቱ። ከትናንት ወዲያም። እዚያ ሰፈር ምን አለህ?"

"ምንም የለኝም እትዬ።"

"ልጅ አለህ?"

"እዚያ? ኧረ የለኝም።"

"የልጅ እናትስ?"

ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋው። የሚገርመው፣ ልዋሽ ቢል እንኳ የሚደብቀው እውነት አልነበረውም። መስመሩን እያየ እሱም ልክ እንደ እሳቸው ነው የደነቀው። እያንዳንዱን ዙር ሲዞር ምክንያት ነበረው፤ ያኛው ቦታ ጠባብ ነው፣ ያኛው ፀሐይ ይመታዋል፣ እዚያኛው ጋ ትራፊክ ይቆማል። አንድ ላይ ተሰብስቦ ሲያየው ግን የሌላ ሰው ሥራ መሰለው።

እትዬ ድምፃቸውን የባሰ ዝቅ አደረጉ። "እኔ በሰው ትዳር አልገባም። ፍቅር ከሆነ በራስህ ነዳጅ። ፍራሼን እያወጣህ የምትሸጥበት ከሆነ ግን ሌላ ነው። ነገ ጠዋት ለአዲሱ ሆስፒታል ፍራሽ ታደርሳለህ። ስትመለስ መልሱን ይዘህልኝ ና። መልስ ከሌለህ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥና መጋዘን ግባ።"

"እሺ እትዬ።"

"ሆስፒታሉ ጋ ደግሞ ዙረት የለም። ማራገፊያቸው በሁለት ግንብ መሀል ነው፤ መኪና በጀርባዋ ካልሆነ አትገባም።"

በጀርባዋ የሚለውን ሲሰማ አንገቱ ድርቅ አለ። ብርድ መስሎት አሸት አሸት አደረገውና ወጣ።

"በሩን" አሉ እትዬ ከኋላው። አልሰማም። ራሳቸው ተነስተው ዘጉት።

ጫኚው መኪና ውስጥ ብስኩቱን ይበላል። ሹፌሩ ገብቶ ተቀመጠና ሞተር ሳያስነሳ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። ልጅ ሳለ ከሰው ሁሉ የሚያንስ ይመስለው ነበር፤ ሰው የሆነው መሪ የያዘ ቀን ነው። ሚስቱን ያገኛት በዚህ መሪ፣ ቤት የተከራየው በዚህ መሪ፣ እናቱን ያመጣው በዚህ መሪ። አሁን መጋዘን ውስጥ ፍራሽ ሲደረድር፣ ሌላ ሰው ደግሞ የመኪናዋን በር ከፍቶ ሲገባ ታየውና ሆዱ ባባ።

"አንተ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እኔ ለምንድን ነው የምዞረው?"

ጫኚው አፉ ውስጥ ያለውን ውጦ ጨረሰ። "ወደ ኋላ ስለማትሄድ ነዋ።"

"እንዴት ማለት?"

"የኋላ ማርሽ አታስገባማ። አብሬህ ስሠራ አንድ ቀን ስታስገባ አይቼ አላውቅም። ሁልጊዜ ወደፊት ገብተህ ወደፊት የምትወጣበትን ቦታ ነው የምትፈልገው። ግቢያችን ውስጥ እንኳ የውኃ ታንከሩን ዞረህ ነው የምትወጣው።"

"ውሸት ነው።"

"ይሁን" አለ ጫኚው፤ ሌላ ብስኩት አወጣ።

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?"

"የምታውቅ መስሎኝ።"

ሰው ሲሰደብ ይችላል። የራሱን ነገር እሱ ሳያውቀው አጠገቡ የሚያንቀላፋ ሰው ሲያውቀው እንደኖረ መስማት ግን ከስድብ ይብሳል። ሹፌሩ ተናደደ። መንጃ ፈቃዱን ከኪሱ መዥርጦ አሳየው። ጫኚው ፎቶውን ልብ ብሎ አየና "ቀጭን ነበርክ" አለው። ሹፌሩ ፈቃዱን ሲያወጣ የኋላ ማርሽ እንዴት እንደተፈተነ ለማስታወስ ቢሞክር አልመጣለትም። የመጣለት የፈታኙ ሆድ ሲጮኽ ነው። ፈታኙ ምሳ ሰዓቱ ደርሶበት ነበርና ገና ወደፊት ነድቶ ሳይጨርስ "በቃህ፣ ውረድ" ብሎ ፈርሞለት ነበር። የሰው ረኀብ አንዳንዴ ከርኅራኄ አይለይም።

"አሁን ታያለህ" አለና ሞተሩን አስነሳ። ፍሪሲዮን ረገጠ፣ ካምቢዮውን ጨበጠ። እጁ መሀል ላይ ቆመ። አንገቱ እንጨት ሆነ። ስፖኪዮ ማየት ፈልጎ ዓይኑ "በሩን ቀስ ብለው ይዝጉ" የሚለውን ተለጣፊ ጽሑፍ ደጋግሞ ያነባል። እንደ ምንም ብሎ አስገባሁ አለና ፍሪሲዮኑን ሲለቅ፣ መኪናዋ ወደፊት ዘላ የግቢውን ቆሻሻ መጣያ ሳመችው። እጁ ሳይነግረው አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ኖሯል።

ጫኚው አልሳቀም። እንዲያውም ከብስኩቱ ከፍሎ ሰጠው። ሹፌሩ ነገሩ የከፋ መሆኑን ያወቀው ያኔ ነው፤ ጫኚው ብስኩት አካፍሎ አያውቅም።

ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ራዲዮዋን ከፍታ ለሰው የምትሰፋውን መጋረጃ ትዘመዝማለች። እናቱ መስኮቱ ሥር ወንበራቸው ላይ ናቸው።

"በሩን!" አሉ እናቱ ገና አንድ እግሩ ሲገባ።

"እሺ እማዬ" አለ፤ አልዘጋውም። ይህ በዚያ ቤት እንደ እግዜር ሰላምታ ነው። እሱ ይገባል፣ እማዬ "በሩን" ይላሉ፣ እሱ "እሺ" ይላል፣ ሚስቱ ተነስታ ትዘጋለች። ከተጋቡ ጀምሮ እንዲህ ነው፤ ማንም ነገሬ ብሎት አያውቅም።

ሚስቱን ወደ ጓዳ ጠራትና የእትዬን ነገር ከላይ ከላይ ነገራት። ካርታውን ሲነግራት የያዘችውን መጋረጃ እየዘመዘመች ሰማች። "መዋዕለ ሕፃናቱ ሰፈር" ሲል ግን መጋረጃውን አስቀመጠች።

"አውቃለሁ" አለች።

"ምኑን?"

"መኪናህን እዚያ ያላየ ሰው የለም። ጎረቤታችን አይታለች፣ እህቷ አይታለች። በሆዴ ይዤው ነው እንጂ። አሁን ንገረኝ፣ ማን ናት?"

"ማንም የለችም። ወደ ኋላ መሄድ ስለማልችል ነው።"

"ምን ማለት ነው ደግሞ እሱ?"

"በመኪና። የኋላ ማርሽ ማስገባት አልችልም። ስለዚህ እዞራለሁ። እኔም ዛሬ ነው የሰማሁት።"

ሚስቱ ጆሮውን አየች። ይህ ሰው ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል፤ ከእጮኝነት ዘመናቸው ጀምሮ በዚያ ነው የምትይዘው። ጆሮው አልቀላም። መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ አፏን በመጋረጃው አፈነች፣ ከዚያ ማፈኑም አልሆነላት። ሳቀች፣ ሳቀች፣ በመጨረሻ ዕንባዋ መጣ። ዕንባው ግን ሁሉም የሳቅ አልነበረም።

"ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም ከርሜያለኋ" አለች ዓይኗን እየጠረገች። "ያቺን ሴትዮ ፊት ለፊት ሳገኛት አንሼ እንዳልታይ ብዬ አዲስ ጫማ እኮ ገዝቻለሁ።"

"የቱን?"

"ታኮ ያለውን። አሁን ለማን ላድርገው?"

እማዬ የሚነገራቸውን አይሰሙም፤ የማይነገራቸውን ግን ከግድግዳ ጀርባ ይሰማሉ። "ድሮስ ኋላው ዕውር አይደል" አሉ ከሳሎን።

ሹፌሩ ከጓዳ ወጣ። "ምን አልሽ እማዬ?"

"ኋላው ዕውር። አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እንዲህ አልነበር የሚልህ? የግቢውን በር ዘግተህ ስትገባ አንድ ቀን አይተንህ አናውቅም። ዶሮዎቹ ይወጡና የጎረቤት ጎመን ይጨርሳሉ። እሱ ደግሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር 'ይሄ ልጅ ኋላው ዕውር ነው' ብሎ ያወራል፣ ሰው ይስቃል። አንተም አብረህ ትስቅ ነበር።"

አስታወሰ። አባቱ ትከሻው ላይ እጃቸውን ጣል አድርገው፣ እንግዳው ጥርሱን ገልጦ፣ እሱ መሀል ቆሞ። መሳቁን ያስታውሳል። ሲስቅ አንገቱ ድርቅ ይል እንደነበር ግን ያስታወሰው አሁን ነው።

"ስለ በር ነበር እንዴ?" አለ ቀስ ብሎ። "ስለ መኪና አይደለም?"

"የምን መኪና? ያኔ በሰፈሩ መኪና የነበረው ማን ነው? ስለ ዶሮ ነው እንጂ ልጄ።"

"ስለ ዶሮ" አለና ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

ሚስቱ መጣችና አጠገቡ ተቀመጠች። ራዲዮ የማትሰማው ነገር የለም፤ ግማሹን ታምናለች፣ ግማሹን ትሰድባለች። እዚያ ላይ ስለ ድብቁ አእምሮ የሚያወራ አንድ ሰውዬ አለ አለችው። ሰው ሁሉ በጓዳው በኩል አንድ ዘበኛ አለው አሉ። ልጅ ሆነህ የተነገረህን ይቀበልና በር ላይ ይቆማል። እውነት ነው ሐሰት ነው፣ ስለ በር ነው ስለ መኪና ብሎ አይጠይቅም። ቀንም ሌትም የታዘዘውን ይጠብቃል።

"እስከ መቼ?" አለ ሹፌሩ።

"በቃህ እስኪባል ነዋ።"

"አዛዡ እኮ ሞተዋል።"

"ለዘበኛው ማን ነገረው?"

ሹፌሩ ሳቅ ሊል ፈለገና ተወው። "ነገስ? ዛሬ ነገርነው አልነገርነው፣ ነገ ጠዋት በሁለት ግንብ መሀል በጀርባዬ ግባ ነው የሚሉኝ።"

"እናንተ ፋብሪካ የተበላሸ ፍራሽ የት ነው የምትጥሉት?" አለችው።

ጠዋት ጎሕ ሲቀድ ሹፌሩ መስታወት ፊት ቆሞ "እችላለሁ" ብሎ ሞከረ። የራዲዮው ሰውዬ እንዲህ በሉ ይላል ተብሎ ነው። መስታወቱ ውስጥ ያለው ሰው "ማን ነገረህ?" የሚል መሰለው። ደግሞ ሞከረ፤ ያ ሰውዬ አሁንም አላመነውም። ተወውና ፊቱን ታጠበ።

ሚስቱ አዲሱን ጫማዋን አድርጋ አብራው ወጣች። ለውሽማ የተገዛ ጫማ ለፍራሽ ክምር ዋለ። ፋብሪካው ግቢ ሲደርሱ ጫኚው ስፌታቸው የተበላሸውን፣ ጥጋቸው ያበጠውን፣ ጨርቃቸው የተቀደደውን ፍራሾች ከግንቡ ጋር ደርድሮ ቆልሏቸው አገኙት። ማታ በስልክ ሲነገረው "እሺ" ብቻ ነበር ያለው፤ ለእሱ ይህ ረጅም ንግግር ነው። አሁን ታንከሩ ሥር ቆሞ ከሩቅ ያያል።

ሚስቱ በጫኚው ወንበር ገባች። መኪናዋ ጀርባዋን ለፍራሹ ሰጥታ ቆማለች።

"ግጨው" አለችው።

"ምን?"

"ፍራሹን ግጨው። እንዳትገጭ አይደለም የመጣነው፣ ልትገጭ ነው።"

በጓዳ በኩል የቆመው ዘበኛ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሰምቶ አያውቅም። እሱ የተነገረው ይሄ ልጅ ኋላውን አያይም፣ ጥፋት ያመጣል የሚል ነው፤ ሆን ብለህ ግጭ ሲባል ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። እሱ ግራ ተጋብቶ ሳለ የሹፌሩ እጅ ማርሹን አስገባ። መኪናዋ ወደ ኋላ ተንቀሳቀሰች። አንገቱ ደረቀ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ትንፋሹን ያዘ፣ አሁን ይፈነዳል አለ።

ፍ... አለ።

ወፍራም ሰው ሶፋ ላይ ሲቀመጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ። ሌላ የለም።

ዓይኑን ገለጠ። የተሰበረ የለም። ዶሮ አልወጣም፣ እንግዳ አልሳቀም። ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀው ፍንዳታ "ፍ" ብሎ አለቀ።

"ይኸው ነው?" አለ።

"ይኸው ነው" አለች ሚስቱ።

ወደፊት ወጣና ደገመው። ፍ። ደገመው። ሳቁ መጣ። እስኪጠግብ ድረስ ደጋገመው፤ ፍራሾቹ ተጨፍልቀው እንደገና ሲያብጡ ይተነፍሳሉ፣ እሱም አብሯቸው ይተነፍሳል። መካከል ላይ አንገቱ ሳይታወቀው ላላና ዞሮ በኋላ መስኮቱ አየ። ግቢው፣ ግንቡ፣ ሰማዩ፣ ሁሉም እዚያ አለ።

"ኋላዬ ለካ ሰፊ ነው" አለ ተገርሞ።

"እሱንማ ሱሪህን ስሰፋ አውቀዋለሁ" አለች።

በመጨረሻ ስፖኪዮውን እያየ ቀስ ብሎ ሄደና ሳይነካው አቆመ። ጫኚው መጥቶ በመኪናዋና በፍራሹ መሀል ያለውን ክፍተት በብስኩት ለካው። ብስኩቱ አለፈ። "ልክ ነው" ብሎ ብስኩቱን በላው።

ሆስፒታሉ ጋ ሲደርሱ ግን ግንብ ግንብ ነው፤ ፍራሽ አይደለም። ማራገፊያው እትዬ ከነገሩት የባሰ ጠበበበት። የሆስፒታሉ ዘበኛ ፊሽካውን አፉ ላይ ሰክቶ በእጁ ይጠራል። ከፊታቸው ኦክስጅን የጫነች መኪና ተራዋን ትጠብቃለች፤ ሹፌሯ ክላክሱን ይነካካል። ሹፌራችን ማርሹን አስገባ፣ ትንሽ ሄደ፣ ጀርባዋ ወደ ግራ ተጣመመ። ዘበኛው ፊሽካውን ነፋ። ኋላው ዕውር፣ አለ አንድ የድሮ ድምፅ። አንገቱ ደረቀ። ወደፊት ወጣ።

ወደፊት ከወጣ ወዲያ መንገዱ ክፍት ነበር። በስተቀኝ ያለው ቅያስ በፋርማሲው ዞሮ የት እንደሚያወጣ ጠንቅቆ ያውቃል። እዚያ ቢያቆም፣ ጫኚው በራሱ ቢያመላልስ፣ እንደ ሁልጊዜው ቀኑ ያልፋል። ጫኚው ነቅቶ ነበር። አንገቱን በእጁ እያሻሸ ወደፊት ያያል። ስንት ዓመት ፍራሽ የተሸከመው አንገት ነው።

ሹፌሩ ያን አንገት አየና እጁን ከመሪው አነሳ።

"ስለ ዶሮ ነው" አለ።

"ምን?" አለ ጫኚው።

"ስለ ዶሮ ነበር እኮ።"

የኋላ ማርሽ አስገባ። ግራ ስፖኪዮ አየ፣ ቀኝ ስፖኪዮ አየ፣ አንገቱን አዞረ። አንገቱ እሺ አለው። ግንቡ በሁለቱም በኩል ቀስ እያለ፣ ሳይነካው፣ እንደ ጨዋ ሰው አጠገቡ አለፈ። ዘበኛው "ና፣ ና፣ ና... በቃ" ሲል መኪናዋ ማራገፊያው አፍ ላይ ቆማለች። የኦክስጅኗ ሹፌር ክላክሱን ትቷል። ያጨበጨበ የለም፤ ማን ያጨብጭብ፣ ሹፌር ሁሉ የሚያደርገው ነገር ነው። ሹፌሩ ግን ከመውረዱ በፊት ስፖኪዮውን አንድ ጊዜ ደግሞ አየ።

ጫኚው የኋላውን በር ከፍቶ ማራገፊያውን አየ። ከመኪናዋ እስከ መጋዘኑ ድረስ ሁለት እርምጃ ነው። ፍራሹን ለመሸከም እንኳ አላስፈለገም፤ በእግሩ ገፋ ሲያደርገው ይገባል። ሲጨርስ ወደ ሹፌሩ መጣ። "አንገቴ ያመሰግንሃል" አለ።

መልሰው ሳይንቀሳቀሱ ስልኩ ጮኸ።

"መስመርህን እያየሁ ነው" አሉ እትዬ። "ቀጥ ብሏል። ምነው፣ አሞሃል?"

"ደህና ነኝ እትዬ።"

"መልሱስ?"

ሹፌሩ ከትናንት ጀምሮ ብዙ መልስ አዘጋጅቶ ነበር፤ መንገድ ሥራ፣ ትራፊክ፣ ጎማ። ሁሉም ጥሩ ጥሩ ነበሩ። "ወደ ኋላ መንዳት አልችልም ነበር" አለ። "በቃ፣ ይኸው ነው። ዛሬ ቻልኩ።"

የስፌት መኪናዎቹ ድምፅ በስልኩ ውስጥ ይሰማል። ከዚያ እትዬ ሳቁ፤ ሲስቁ ድምፃቸው ከፍ እንደሚል ያን ቀን ነው የታወቀው።

"ይህን ሁሉ ዘመን? ታዲያ አትነግረኝም ነበር?"

"ለእኔም አልተነገረኝም ነበር እትዬ።"

"በል ቁልፉን ያዝ" አሉት። "የተጣመመብኝን ቆሻሻ መጣያ ግን ታቃናልኛለህ።"

ሥራ አልቆ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሰውነቱ ከባድ ጭነት እንዳራገፈ መኪና ቀሎት ነበር። የግቢውን በር ገፍቶ ገባ። ሚስቱ ደጃፉ ላይ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ታሻሻለች፤ አዲስ ጫማ ውሽማ አይቆነጥጥም፣ ባለቤቱን ነው። ፊቱን አየች፤ አልጠየቀችውም። ጆሮውን ሳታይ እንኳ አወቀች።

ወደ እሷ ሊሄድ እርምጃ ጀመረና መሀል ላይ ቆመ። በሩ ከኋላው ክፍት ነው። ሚስቱ እንደ ልማዷ ልትነሳ ስትል በእጁ "ተቀመጪ" አላት። ከዚያ ፊቱን ሳያዞር፣ እሷን እያየ፣ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ተራመደ። ጀርባው በሩን ሲነካ እጁን ወደ ኋላ ሰደደ፣ መቀርቀሪያውን በዳበሳ አገኘው፣ ቀጭ አድርጎ ዘጋው።

"በሩን!" አሉ እማዬ ከውስጥ።

"ዘግቼዋለሁ እማዬ።"

ከውስጥ የወንበር ድምፅ ተሰማ፣ መጋረጃው ገለጥ አለ፣ እማዬ በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው በሩን ረጅም ጊዜ አዩት።